ወሬ መሰብሰብና ወሬ መመዘን

የመንግሥት ስለላ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በጨለማ የሚሹለከለከውን ሰላይ ነው። ሰላዩ ግን የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። መንግሥት ማወቅ የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ወሬው ከሰው፣ ከራዲዮ ጠለፋና ከአየር ፎቶግራፍ ይሰበሰባል፤ ከዚያም ተመዝኖ «ይህ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» የሚል ግምት ለባለሥልጣኖች ይቀርባል። አገር የሚድነውም የሚጐዳውም በመመዘኑ ላይ ይመስለኛል።

የእስራኤልን ነገር እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የኦክቶበር ወር ሲገባ የግብፅ ጦር በስዌዝ ቦይ፣ የሶርያም ጦር በጎላን ፊት ለፊት ተሰብስቦ ይታይ ነበር። ወሬ አልጠፋም። ነገር ግን ለመንግሥቱ ብሔራዊ ግምት የሚያቀርበው የጦር ሠራዊቱ የስለላ ክፍል ብቻ ነበር። እርሱም «ግብፅ ወደ እስራኤል ውስጥ ዘልቀው የሚመቱ አውሮፕላኖች ሳታገኝ አትዋጋም፤ ሶርያም ያለ ግብፅ አትነሣም» ብሎ አስቀድሞ ስለ ደመደመ፣ የመጣውን ወሬ ሁሉ ለዚሁ እንዲስማማ አድርጎ ይተረጕመው ነበር። «የጦር ልምምድ ነው» ተባለ።

በደቡብ ዕዝ የነበረ ቢንያሚን ሲማንቶቭ የተባለ ወጣት ሌተና ግን ኦክቶበር 1 እና 3 ቀን «ልምምዱ የጦርነት መሸፈኛ ሊሆን ይችላል» ሲል ጻፈ። አለቃው ጽሑፉን ወደ ላይ አላስተላለፈውም። ኦክቶበር 6 ቀን ጦርነቱ ፈነዳ፤ ከ2,500 በላይ የእስራኤል ወታደሮች ሞቱ፤ ከግብፅና ከሶርያ የወደቁትም ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። በኋላ ነገሩን የመረመረው የአግራናት ኮሚሲዮን የስለላው ክፍል አዛዥ ከሥልጣኑ እንዲነሣ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሞሳድም ወሬ የሚመዝኑ ክፍሎች እንዲጠናከሩ አሳሰበ።

«ሐሳብ ሲበዛ ውሳኔ ይዘገያል» የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ ወጣት ሁሉም ልክ አይደለም፤ ሌተናውም ሊሳሳት ይችል ነበር። እኔ የምለው ግን ተቃራኒው ግምት ከዋናው ጋር በአንድ ወረቀት ተጽፎ ውሳኔ ሰጪው ፊት ይቅረብ ነው። ሁለቱን አይቶ የሚሳሳት፣ አንዱን ብቻ እንዲያይ ከተደረገው ይሻላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ ከመካከላችን ጸሓፊም አለቃም የሚሆን አለ። ዛሬ በስብሰባችን ላይ የተለየ ሐሳብ ያለውን በፉጨት ዝም እያሰኘን፣ ነገ የበታቻችንን ጽሑፍ ከመሳቢያ አውጥተን የምናስተላልፍ ይመስለናልን?