ልጅ ለአባቱ አስተርጓሚ ሲኾን

በታኅሣሥ 19 ቀን፥ የገብርኤል በዓል ዕለት፥ በአስኮ ገብርኤል አጥቢያ ከሚኖሩ አንዲት ባልቴት ወይዘሮ ቤት ተጠርተን ሄድን። ልጃቸው የ12 ዓመት ብላቴናውን ይዞ ከዋሽንግተን ከተማ መጥቶ ነበርና ቤቱ በደስታ ተሞልቷል። ነገር ግን አያቲቱ ተነሥተው የልጅ ልጃቸውን ሲመርቁ፥ ብላቴናው ወደ አባቱ ዘወር ብሎ «ምን አሉ?» ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀ። የጓዳ አማርኛ ያውቃል፤ የምርቃት አማርኛ ግን አልደረሰውም። ወይዘሮዋም ዝም ብለው ተቀመጡ።

ማታ አባትየው የደረሰበትን አጫወተን። ሌሊት ሲሠራ የሚያድር ሰው ስለ ኾነ ቋንቋውን አልተማረም። ስለዚህ የቤት ኪራዩንም የሐኪም ቤቱንም ደብዳቤ የሚያነብለት ይኸው ልጅ ነው። አንድ ቀን መምህሪቱ አስጠርታ ልጁ ከትምህርት እንደሚቀር ብትነግረው፥ ልጁ «ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ ተረጐመለት። አባትም አመስግኖ ወጣ። «እውነቱን ካወቅሁ ወዲህ የቤቴ ጌታ ማን እንደ ኾነ አላውቅም» አለን።

ይህ ነገር የእኛን ስደተኞች ብቻ ያገኘ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በኩባ አብዮት ከኾነ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደ ማያሚ ተሰደደ። ልጆቹ የአሜሪካንን ቋንቋና ልማድ ፈጥነው ሲይዙ ወላጆቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ በቤትም ጠብ በዛ። በኩባ የተወለዱት ዶክተር ሆሴ ሳፖችኒክ ይህን መረመሩ። ከእርሳቸውም አስቀድሞ አርዠንቲናዊው ሐኪም ሳልቫዶር ሚኑቺን፥ ልጅን ነጥሎ ከማከም ይልቅ ቤተ ሰቡን በአንድነት አስቀምጦ ማነጋገር እንደሚሻል አሳይተው ነበር። የማያሚዎቹ ዘዴ ግን እጅግ ደስ ያሰኘናል፤ ይኸውም ጥፋቱን ከልጁም ከአባቱም ላይ አንሥተው በሁለቱ ልማድ መጋጨት ላይ ይጥሉታል። ከዚያም ለወላጅ የአዲሱን አገር፥ ለልጅ የወላጁን አገር ልማድ ያስተምራሉ።

የእኛም ሽምግልና ሁሉን በአንድነት ያስቀምጣል። ነገር ግን ልጁ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ከአባቱ እግር እንዲወድቅ እናደርጋለን፤ ይህ አይበጅም።

ስለዚህ በማግሥቱ አጎትየው ሽማግሌ ኾነው ሲቀመጡ አስቀድመው ብላቴናውን ጠየቁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ኪራይ ካልከፈላችሁ ውጡ የሚል ደብዳቤ ሳነብ፥ እኔ ለማን እነግራለሁ?» አለ። አባትየው ልጁ ሌሊት በፍርሃት እንደሚያድር የሰማው ያን ጊዜ ነው። እኛም ስንሰማ አፈርን።

በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ያለ ዋጋ ማቅረብ ግዴታው መኾኑን፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃንን ማስተርጐም በደንብ መከልከሉን ለአባትየው ነገርነው። አያውቅም ነበር። በውጭ አገር ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ይጻፍለት። ደብዳቤውን ከእንግዲህ አንድ ጐልማሳ ጎረቤት እንዲያነብለት ተስማሙ፤ አባትየውም የማታ ትምህርት ሊገባ ቃል ሰጠ።

አያቲቱ ደግሞ በየእሑዱ በተሌፎን ምርቃት ያስተምሩታል። ብላቴናው ለጊዜው «አሜን» የሚባልበትን ስፍራ ለይቷል።