አጥሩን ማን ይጠብቅ?

ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከሰርጎ ገቦች ለመጠበቅ ሁለት አማራጮች ይቀርቡላቸዋል። አንዱ የራስን መሣሪያና የራስን ሰው ማደራጀት ሲሆን፣ ሌላው አገልግሎቱን ከውጭ ኩባንያ መግዛት ነው። በእኛ እምነት ከምርጫው በፊት መቅደም ያለበት፣ የትኛው ዕውቀት ከእጅ መውጣት የለበትም የሚለው ጥያቄ ነው።

የራስ ጥበቃ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አፓቺ ስትራትስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ ለተገኘ ክፍተት መድፈኛ ወጥቶ ነበር። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ ራሱ ፍተሻ ቢያካሂድም፣ ክፍተቱ ያለበትን ሥርዓት ሳያገኘው ቀረ። ሶፍትዌሩ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ የተሟላ ዝርዝር አልነበረውምና። በሜይ የገቡት ሰርጎ ገቦች እስከ ጁላይ መጨረሻ ሳይታወቁ ቆይተው፣ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ።

የተገዛ ጥበቃም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ጉድለት ያለበት ማሻሻያ በመላኩ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ከሥራ ውጭ ሆኑ። በረራዎች ተሰረዙ፤ የሆስፒታሎች ሥራም ተስተጓጎለ። ደንበኞቹ ማሻሻያውን በጥቂት ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀድመው የሚሞክሩበት ዕድል አልነበራቸውም።

እንግዲህ ከውጭ ሊገዛ የሚገባው ነገር አለ። ጥቂት ባለሙያዎች ያሉት ድርጅት ሌት ተቀን በፈረቃ ጥቃትን ሊከታተል አይችልም። የምስጠራ ስልትንም ከራስ መፍጠር አደገኛ ነውና፣ በብዙ ሊቃውንት የተፈተነውን መጠቀም ይበጃል።

የማይገዛም አለ። አንድ ደንበኛ በድረ ገጽ አድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር ለውጦ የሌላውን ሰው ሂሳብ ማየት ቢችል፣ ለውጭው መፈተሻ ገጹ በትክክል የተከፈተ ይመስለዋል። ሂሳቡ ለማን ሊታይ እንደሚገባ የሚያውቀው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ነው። ፕሮግራሙ ከምን ከምን እንደተሠራ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ ማወቅ እንዲሁ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ወጣት ባለሙያዎቻችን መሣሪያውን ቢገዙ አንነቅፍም፤ ዕውቀቱን አብረው አሳልፈው እንዳይሰጡ ግን አደራ እንላለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላልና፣ አጥሩን የውጭ ሰው ቢሠራውም ባለቤቱ ከቤቱ ሊጠፋ አይገባም።