አንድ ገጽ ሠንጠረዥ፦ ስለ ድሮ ጨዋታ ቁጥሮችና ስለ ዋግ ኽምራ ሜዳዎች

የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962) ምሽት፣ በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት ሐርሺ በተባለች አነስተኛ ከተማ፣ የፊላዴልፊያ ዋሪየርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን የኒው ዮርክ ኒክስን 169 ለ147 አሸነፈ። ከአሸናፊው ቡድን ነጥብ 100ውን ያስቆጠረው ዊልት ቻምበርሊን ብቻውን ነበር። በአዳራሹ የተቆጠረው ተመልካች 4,124 ነው። ጨዋታው በቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ ተንቀሳቃሽ ምስሉም እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ ከ60 ዓመት በኋላም ተመራማሪ ስለዚያ ምሽት በዝርዝር መናገር ይችላል። ይህን ያስቻለው በዋነኛነት በሜዳው ዳር የተሞላ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ ሊታይ ይገባዋል፤ በሰቆጣ፣ በዝቋላና በሌሎቹ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የሚካሄዱ ውድድሮችም በዚሁ መልክ ሊመዘገቡ ይገባል።

ሠንጠረዡ የሚነግረው ከድምር ውጤቱ እጅግ የሰፋ ነው። ቻምበርሊን 48ቱንም ደቂቃ ተጫውቷል፤ ከሜዳ 63 ጊዜ ወርውሮ 36ቱን፣ ከነጻ ውርወራ 32 ሞክሮ 28ቱን አስቆጥሯል፤ ከቅርጫቱ የተመለሱ 25 ኳሶችንም ይዟል። በአራቱ ክፍለ ጊዜዎች ያስቆጠረው በቅደም ተከተል 23፣ 18፣ 28 እና 31 ነው። የቡድን ጓደኛው ጋይ ሮጀርስ 20 ጊዜ ለነጥብ የበቃ ኳስ አቀብሏል፤ አል አትልስ ከሜዳ የወረወራቸውን 8 ኳሶች በሙሉ አግብቷል። ከተሸናፊዎቹም ሪቺ ጌሪን 39 ነጥብ ነበረው። ስለዚህ ያ ምሽት የአንድ ሰው ተአምር ተብሎ ቢተረክም፣ ወረቀቱ ግን ኳሱን ማን እንዳቀበለና የተጋጣሚው ኃይል ምን ያህል እንደነበር ይመሰክራል።

የዚህ ዓይነት ሰነድ ሌላው ብርታት ራሱን በራሱ መመርመሩ ነው። ሠላሳ ስድስቱ የሜዳ ግቦች በሁለት ተባዝተው 28ቱ ነጻ ውርወራዎች ሲጨመሩ 100 ይሆናል፤ የአራቱ ክፍለ ጊዜዎች ድምርም እንዲሁ። መዝጋቢው ቢሳሳት ስህተቱ ከድምሩ ይታወቅ ነበር። በዘመኑ ሁሉ ከነጻ ውርወራዎቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ ያገባ የነበረ ሰው በዚያ ምሽት ከመቶ 87.5 ማግባቱ የሚያስገርመውም፣ የሌሎቹ ጨዋታዎች ቁጥሮች በተመሳሳይ መልክ በመጻፋቸው ነው።

ሰነዱ ወሰን እንዳለውም መካድ አይቻልም። በጨዋታው ማብቂያ ኒክሶች ኳሱ ቻምበርሊን ዘንድ እንዳይደርስ በሌሎቹ ተጫዋቾች ላይ ሆን ብለው ጥፋት ይሠሩ እንደነበር፣ ዋሪየርሶችም ኳሱን ለማስመለስ በአጸፋው እንዲሁ እንዳደረጉ የሚታወቀው ከምስክሮች ቃል እንጂ ከሠንጠረዡ አይደለም። ከተጋጣሚ የተነጠቁና በአየር ላይ የታገዱ ኳሶችም በሊጉ መቆጠር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1973–74 የውድድር ዘመን ነበር፤ ቻምበርሊን በዚያ ምሽት ስንት ውርወራ እንዳገደ የሚናገር ይፋዊ ቁጥር የለም። በጊዜው ያልተቆጠረ ነገር በኋላ ዘመን ምርምር አይመለስም።

ከዚያ ጨዋታ 40 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ2 በመርታት ወስዷል። የአሠልጣኙ የይድነቃቸው ተሰማ፣ የአምበሉ የሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የመንግሥቱ ወርቁ ስም ዛሬም ይነሳል። ነገር ግን ሕዝብ የሚያውቀው ግቡንና ግብ አግቢውን ነው፤ ኳሱን ያቀበለው፣ ያስጣለው፣ ያዳነው ተጫዋች ድርሻ በአብዛኛው ለትዝታ የተተወ ነው። በእርግጥ የዚያ ዘመን እግር ኳስ በሌላውም አገር ዝርዝር ቁጥር የመያዝ ልማድ አልነበረውም። ቢሆንም ታላቁ ድል እንኳ ይህን ያህል ካጣ፣ በጽጽቃ ወይም በሰቆጣ የተደረገ የትምህርት ቤት ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያጣ መገመት አይከብድም።

ውሃና መድኃኒት በሚያሳስብበት፣ ድርቅና ጦርነት በተፈራረቀበት አካባቢ የጨዋታ መዝገብ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም መዝገቡ የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ትጉ ሰው ነው። በሐርሺ የዋሪየርስ መዝጋቢ የነበረው ሐርቪ ፖላክ በዚያው ምሽት ለዜና ወኪሎችና ለጋዜጣም ዘገባ ይልክ ነበር፤ ቻምበርሊን በታዋቂው ፎቶግራፍ ላይ የያዘውን «100» የሚል ወረቀት የጻፈውም እርሱ ነው። መዝገብ የሌለው ወጣት ግን የሚመረጠው ያየው ሰው ካስታወሰው ብቻ ነው፤ ከዋና ከተሞች የራቀ ተጫዋች ደግሞ የሚያየው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የፍትሕም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገቡ ለአካባቢው የሚስማማ መሆን አለበት። «ዝቋላ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰነድ የዋጉን ወረዳ ይሁን የሸዋውን ተራራ በኋላ ዘመን አይለይም፤ ስለዚህ ዞንና ወረዳ ይጻፍ። «1954» እና «1962» አንድ ዓመት መሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ እንዳይሳሳት የዘመን አቆጣጠሩ ይገለጽ። ተጫዋች በመለያ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይመዝገብ፤ በኽምጣንጋ የሚጠራ ስምም ባለቤቱ እንደሚጠራው ይጻፍ። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ከአካባቢው ውጭ ባለ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ጦርነት ባለፈበት ምድር በአንድ ቅጂ መተማመን አይገባምና።

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መረጃ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ይጀምራሉ። በዚህ መስክ ግን የሚጻፈውን ራሳቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። በአንድ የውድድር ዘመን የአንድ ወረዳ ጨዋታዎች በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢመዘገቡ፣ ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ስለ ዝቋላ ልጆች የሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ያገኛል።