ዘግይቶ የሚገድል አቧራ

ሰው ከሚታይ ጠላት ይሸሻል፤ አጥር ያጥራል፥ ዘብ ያቆማል። በዓይን የማይታየውንና ከብዙ ዘመን በኋላ የሚገድለውን ጠላት ግን አስተዋይ ሹም ካልተገኘ በቀር የሚከለክለው የለም።

አስቤስቶስ የተባለው እንደ ቃጫ የሚፈታታ ማዕድን ለዚህ ምስክር ነው። እሳት የማይበላው ስለ ሆነ ከሲሚንቶ ጋራ እየተቀላቀለ ለቤት ክዳንና ለቧንቧ መሥሪያ ሲመሰገን ኖረ። ነገር ግን ብናኙ በትንፋሽ ገብቶ በሳንባና በሳንባ ሽፋን ይቀመጥና ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቈይቶ የነቀርሳ በሽታ ያመጣል።

በኢጣልያ አገር ካሳሌ ሞንፌራቶ በምትባለው ከተማ ከ1907 እስከ 1986 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) የኢተርኒት ፋብሪካ በዚህ ማዕድን ይሠራ ነበር። ሠራተኛው አቧራውን በልብሱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ስለ ነበር ልብሱን የምታጥበው ሚስቱ፥ የፋብሪካውንም ደጅ ያልረገጠ ጎረቤት በበሽታው ተያዙ። ወይዘሮ ሮማና ብላሶቲ ፓቬዚ በፋብሪካው የሠሩትን ባለቤታቸውን በ1983 ዓ.ም. አጡ፤ ኋላም እኅታቸውንና ሌሎች ዘመዶቻቸውን፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሴት ልጃቸውን ያው በሽታ ወሰደባቸው። እኒህ እመቤት ግን ሐዘናቸውን ይዘው ከቤት አልተቀመጡም። የሟቾችን ቤተሰቦች ማኅበር እየመሩ፥ ማዕድኑ ይከልከል፥ አጥፊው ይጠየቅ እያሉ ሲሟገቱ ኖረው በ2024 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከተማው በ1987 ዓ.ም. በገዛ ትእዛዙ፥ መንግሥቱም በ1992 ዓ.ም. በሕግ አስቤስቶስን ከለከሉ። በ2012 ዓ.ም. የቶሪኖ ፍርድ ቤት በሁለት የፋብሪካው ኃላፊዎች ላይ የ16 ዓመት እስራት ፈረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የሰበር ችሎት ክሱ በይርጋ ታግዷል ብሎ ፍርዱን ሻረው። ኋላ ሌላ ክስ ቢከፈትም፥ የይርጋ ዘመን ከበሽታው ዘመን ማጠሩ በዚህ ታወቀ።

እንግዲህ ፍርድ ለሟች ዘግይቶ ይደርሳል፤ ክልከላ ግን ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቤስቶስ ዓይነት ሁሉ ነቀርሳ እንደሚያመጣ አስታውቋል፤ ዛሬም ግን የሚገዙትና የሚሸጡት አገሮች አሉ። ስለዚህ የሕንፃ ዕቃ የሚገዛ፥ የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ፥ አሮጌ ክዳን እንዲፈርስ የሚያዝ ሹም ሁሉ ፊርማው ከ30 ዓመት በኋላ በማን ሳንባ እንደሚገኝ አስቦ ይፈርም። ሕዝብን የሚመክሩ መምህራንም ያስረዱ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሬሳ ቈጥራ እስክታስረዳው ድረስ የሚጠብቅ ሹም ሹመቱ ለምን እንደ ተሰጠው አላወቀም።