ከዘመድ ያላለፈ ምክር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቦረናና በጋብራ ምድር አባት ለልጁ፣ አማት ለአማቹ የሚያስተላልፈው የእርባታ ምክር በሥራ የሚታይ ነበር፤ ሀብትህን በአንድ በረት አታከማች። ጋብራው ሴት ግመሉን «ዳባሬ» በሚባለው ውል ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ይሰጣል። ወተቱ የተቀባዩ ሲሆን ባለቤትነቱ ግን ከሰጪው አይወጣም። ቦረናም ከብቱ ያለቀበትን ሰው በ«ቡሳ ጎኖፋ» መልሶ ያቋቁማል። አንዱ አካባቢ ዝናብ ቢጠፋበት ወይም ዘራፊ ቢመጣበት ሌላው ጋ የተቀመጠው ይተርፋል።

ይህ ምክር እስከ 1887 ድረስ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሠርቷል። በዚያ ዓመት የጣሊያን ጦር በምፅዋ ካስገባቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚነገርለት በሽታ ወደ መሀል አገር ዘለቀ። አማርኛ ተናጋሪው «ደስታ» ይለዋል፤ ክፉን በክፉ ስሙ መጥራት ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም። በኢትዮጵያ ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ክፉ ቀን የተጀመረው በሬ ሲያልቅና እርሻ ሲቆም ነው። በሽታው በዚያ አላበቃም። ማሳይን አራቁቶ በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ።

የደስታ ተሐዋሲ ከእንስሳው አካል ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የሚተላለፈው በዋናነት ጤነኛው ከታመመው ጋር ሲቀራረብ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በሩቅ ዘመድ ዘንድ የተቀመጠ መንጋ የመትረፍ ዕድል ነበረው። በሽታው ከገባ በኋላ ግን ያው ምክር ተገልብጦ ይጎዳል፤ ላሞቹን ወደ እህቱ ባል የሚነዳ ሰው በሽታውን ይዞለት ይሄዳል፤ እንስሳው መታመሙ በዓይን ሳይታይ ተሐዋሲውን ማስተላለፍ ይጀምራልና። የጎደለው ከከብቱ ቀድሞ የሚደርስ ወሬ ነበር። እንዲህ ያለው ወሬ ቢኖር እንኳ የሚነገረው ለዘመድ ነው፤ ከብቱ ግን የሚሸጠው ለማንም ነው።

ይህ ልማድ ዛሬም አለ። የድንበር ነጋዴ ለወንድሙ ስልክ ደውሎ «ከዚያ ገበያ ፍየል እንዳትገዛ፣ አፍንጫቸው ይፈሳል፣ ተቅማጥ አለባቸው» ይለዋል። በዚያው ቀን የራሱን ፍየሎች ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። ምልክቱ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ሊሆን እንደሚችል ግን አይጠፋውም።

ነጋዴው የሚያቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። እውነቱን የተናገረ ብቻውን ይከስራል፣ ገበያው ይዘጋል፣ ዝም ያለው ሸጦ ይሄዳል። ነገር ግን በ2000 የሪፍት ቫሊ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ ማስገባት ሲያቆሙ፣ የማን በግ ታሟል የማን ጤነኛ ነው ብሎ የለየ አልነበረም። ጤነኛ በግ የያዘውም ከታመመው ጋር እኩል ከሰረ።

መውጫው የነጋዴዎች ማኅበራትና ደላሎች እጅ ላይ ነው። የዋጋ ወሬ በደቂቃ ከሞያሌ ናይሮቢ ይደርሳል፤ የበሽታ ወሬም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ማኅበሩ ወሬውን በራሱ ስም ካስተላለፈ የተናገረው ሰው ብቻውን አይጋለጥም። ይህ ከአርብቶ አደሩ አቅም በላይ ነው የሚል ካለ አፋርን ይመልከት። በ1990ዎቹ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሰለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው መንጋው ያለበት ድረስ ሄዱ። በኢትዮጵያ ደስታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ሲሆን፣ በ2011 ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ።

የፍየሉ በሽታ ግን አሁንም በመንጋው ውስጥ አለ። አዲስ የተገዛ ፍየል ከመንጋ ሳይቀላቀል ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ ሲባል ነጋዴው መጀመሪያ የሚያሰላው የመኖውን ወጪ ነው። በዚያው ስሌት ውስጥ ከወንድሙ የተቀበለው የስልክ ማስጠንቀቂያ ስንት እንዳተረፈለትም ይግባ።