ፎርማት ከመደረጉ በፊት

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጀመር የሥራው ዓይነት ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ሁሉም ተገቢ ነው። ከዚህ ዝርዝር ውጭ የቀረ፣ ግን ያለ ቀስቃሽ በየሰፈሩ ሲሠራ የኖረ ሌላ በጎ ፈቃድ አለ፤ «ኮምፒዩተር ይችላል» የተባለው የጎረቤት ልጅ የሚሰጠው እርዳታ። በመልካ ጀብዱም ሆነ በሌላው የድሬዳዋ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የተመለሰ ወጣት አልከፈት ያለ ላፕቶፕና ቫይረስ የገባበት ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አያጣም። ይህ እርዳታ በቀበሌው የክረምት ዕቅድ ይያዝ ባይ ነኝ። ሲያዝ ግን ከጥገናው ይልቅ ምክሩ፣ በተለይም ፋይልን እንዴትና የት እናስቀምጥ የሚለው ምክር ቢቀድም ይሻላል።

ምክንያቴ ከገበያው ይነሳል። ጠጋኙ የሚከፈለው ዕቃ ሲበላሽ፣ ሻጩ የሚከፈለው ዕቃ ሲሸጥ ነው። በሁለቱም አልፈርድም፤ እንጀራቸው ነው። ደህና እየሠራ ባለ ላፕቶፕ ውስጥ ያለውን የሱቅ ሒሳብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የልጆች ፎቶ «ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጠህ አስቀምጥ» ብሎ በመምከር የሚተዳደር ሰው ግን የለም። የምክሩ ፈላጊ ደግሞ እየበዛ ነው። በአካባቢው ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፣ ነጻ የንግድ ቀጠናውም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ሥራ ፈላጊው ሲቪውንና የተቃኘ ዲፕሎማውን፣ ነጋዴው የዕቃ ሰነዱን የሚይዘው በአንዲት ፍላሽ ነው፤ ፍላሿ ደግሞ ከቁልፍ ጋር ታስራ ኪስ ውስጥ ትውላለች።

ብዙ ሰው ዲስክ ሊበላሽ ሲል ያስጠነቅቃል ብሎ ያምናል፤ ይዘገያል፣ ይንጫጫል፣ ያኔ እንገለብጣለን ይላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት ይህን እምነት ያፈርሳል። ከተበላሹት መካከል ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በውስጣቸው ያለው የራስ መቆጣጠሪያ አንድም የብልሽት ምልክት ሳይመዘግብ ነው የሞቱት። ይኸው ጥናት ድሬዳዋ ላይ ሁሉም የሚያማውን ሙቀትንም በከፊል ነጻ አውጥቶታል፤ በጣም ካልበረታ ወይም ዲስኩ ካላረጀ በስተቀር፣ ሙቀት የታሰበውን ያህል ጉዳት አላደረሰም። ፍላሽና ኤስኤስዲ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የኢንዱስትሪው መለኪያ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥ ኤስኤስዲ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ፣ ኃይል ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት ፋይሉን እንዲይዝ ይጠይቃል። ሙቀቱ ሲጨምር ጊዜው ያጥራል። መልካ ጀብዱ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለዓመታት በሳጥን የተቆለፈበት ያረጀ ኤስኤስዲ ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ይህን ሱቅ ላይ ማን ይነግረናል?

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ጠፍተው በየስማቸው ሾርትከት ብቻ ይታያል። ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ፍላሹ «ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሎቹ እዚያው ናቸው፤ ቫይረሱ ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቱን ሳይነኩ፣ ቫይረሱን አጽድቶ፣ «አትሪብ» በምትባል አንዲት የዊንዶውስ ትእዛዝ የመደበቂያውን ምልክት ማንሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፎርማት የተደረገም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተስፋው ወዲያው አይቆረጥም፤ የሚያጠፋው በላዩ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር «እጅህን ሰብስብ» ነው፤ አዲስ ዘፈን አትጫንበት፣ እንደ ፎቶሬክ ያለ ነጻ ፕሮግራም እስኪሞከር ድረስ ይቀመጥ። 2 ቴራባይት ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው ፍላሽም ምክር የሚያሻው ነው። ውስጡ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ኖሮት፣ ሲሞላ የቀደመውን እየደመሰሰ የሚቀበል ሐሰተኛ ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። «ኤችቱቴስትደብልዩ» የተባለው ነጻ መመርመሪያ ፍላሹን ጥግ ድረስ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ምርመራው ሰዓታት ይፈጃል፤ ሻጭ ይህን ያህል ጊዜ የለውም፣ የክረምት ተማሪ ግን አለው።

ምክሩ የጠጋኞችን እንጀራ ይነካል የሚል አይጠፋም። የተሰበረ ስክሪን፣ የተቃጠለ ቦርድ፣ የሞተ ዲስክ ወደ ጠጋኙ መሄዱን አይተውም፤ እንዲያውም ፋይሉ ሌላ ቦታ ያለው ደንበኛ ጠጋኙን በአደራ አያስጨንቀውም። ልጅ የሰጠው ምክር ቢሳሳትስ? ይሳሳታል። ለዚህ ነው ምክሩ በየቤቱ በግል ሳይሆን በወጣት ማዕከል ጠረጴዛ ላይ፣ ሌሎች እየሰሙ ቢሰጥ የምመርጠው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 የአይቢኤም ኮምፒዩተር የነበራቸው ድርጅቶች «ሼር» በሚል ስም ሲሰባሰቡ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር፤ ፕሮግራምና ልምድ መለዋወጥ።

ከባዱ ተቃውሞ የገመና ነው። የሴት ልጅን ስልክ፣ የነጋዴን ላፕቶፕ ለማያውቁት ወጣት መስጠት አደጋ አለው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ጉዳዩ ቀላል ስላልሆነ ነው። መልሴ አንድ ጥብቅ ደንብ ነው፤ በጎ ፈቃደኛው በቃል ይምራ፣ ኪቦርዱን የሚነካው ባለቤቱ ብቻ ይሁን። ይዘገያል፣ ያሰለቻል፣ ግን ባለቤቱ ሥራውን ተምሮ ይሄዳል። ባለቤቱ ሳይኖር «ትተኸው ሂድ» የሚባል ነገር አይኑር።

«ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ አለ» የሚሉም አሉ። መላክ ጥሩ ነው፣ እንደ ብቸኛ ጎተራ ግን አያስተማምንም። አካውንቱ ከስልክ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው፣ ሲም ካርዱ ከእጅ ሲወጣ መግባቱ ያዳግታል፣ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትም በራሱ ይሰረዛል። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስለመደው ደንብ ይሻላል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የመጨረሻውን ድሬዳዋ ከማንም በላይ ልትረዳው ይገባል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ በየቤቱ የነበረውን ሰነድ የቆጠረው የለም። ሁለት ቅጂ በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ ጎርፍ እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው። የመልካ ጀብዱ ቤተሰብ ሁለተኛውን ዲስክ ከዚራ ወይም ሳቢያን ያለች እህት ዘንድ ቢያስቀምጥ ዋጋው የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው።

የእኛን አገር ፋይል የሚመለከት ሌላም ሥራ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የጽሕፈት ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ተበላሸ ብለው የሰረዙት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ እየቀያየረ የሚያስረዳ የድሬ ልጅ ግን በየመንደሩ አለ። የዘንድሮው ዕቅድ ሲወጣ ችግኝ ከሚተክሉት መካከል አራት አምስቱን ወደዚህ ጠረጴዛ ማዞር ለቀበሌው ከባድ አይሆንም።