ኦይስተር የሚወደው ርካሹን ወይን ነው

በፈረንሳይ ሻንቲዪ ቤተ መዘክር ውስጥ ዣን ፍራንሷ ደ ትሯ በ1735 የሣለው አንድ ሥዕል አለ። መኳንንት ማዕድ ከበው ኦይስተር ይበላሉ፤ ወለሉ ላይ ባዶ ቅርፊት ተበታትኗል። የሻምፓኝ ቡሽ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ሳለ ጥቂቶቹ አንጋጠው በዓይናቸው ይከተሉታል። ሥዕሉን ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ያሠራው ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ነበር።

የዚያ ማዕድ ልማድ ዛሬም አልተለወጠም። ኦይስተር ያዘዘ ሰው ውድ ጠርሙስ ማስከፈት ያለበት ይመስለዋል። ይህ ግን ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

ኦይስተር እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት ነው። ፈረንሳዮች ቅርፊቱን በቢላ ከፍተው፣ ነፍሱ ሳትወጣ፣ ከነጨው ውኃው ይበሉታል። ጣዕሙ ጨው ጨው የሚል፣ በመጨረሻም በስሱ የሚጣፍጥ ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ጣዕም ከባድ ወይን ይጨፈልቀዋል፤ ቀይ ወይን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። የመርሲያን ኩባንያ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ከ60 በላይ ወይኖችን ስካሎፕ ከሚባለው ሌላ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ጋር አስቀምሰው፣ አፍ ውስጥ የሚቀረውን መጥፎ የዓሣ ጣዕም የሚያመጣው በወይኑ ውስጥ ያለው ብረት መሆኑን አሳይተዋል። ብረት በብዛት የሚገኘው በቀዮቹ ነበር።

ባለሙያዎች ቶሎ የሚጠሩት ነጭ ወይን ሻብሊ ነው። የሻብሊ ኮረብቶች አፈር 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ የጥቃቅን ኦይስተር ቅሪት የተሞላ ስለሆነ፣ ወይኑ የባሕሩን ጣዕም ከአፈሩ ይቀዳል ይባላል። ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን ጂኦሎጂስቱ አሌክስ ማልትማን ደጋግመው እንዳስረዱት፣ የወይን ሥር የድንጋይን ጣዕም መጥጦ ለፍሬው አያቀብልም። ሻብሊን ከኦይስተር ጋር የሚያስማማው ቀዝቃዛው አየር ጠባይ ያቆየለት ኮምጣጣነት ነው፤ ሎሚ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ለኮምጣጣነት ብቻ ከሆነ ደግሞ ያን ያህል መክፈል አያስፈልግም።

ሙስካዴ የተባለው ነጭ ወይን እዚህ ላይ ይመጣል። የሚመረተው የሎዋር ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ፣ በናንት ከተማ ዙሪያ ነው። ፍሬው ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል፤ የ1709ኙ ክፉ ውርጭ የአካባቢውን ተክል ከፈጀ በኋላ ብርድ ቻይ ስለሆነ በብዛት ተተከለ። በራሱ ጣዕሙ የጎላ ፍሬ አይደለም። አምራቾቹ ይህን የሚያካክሱት ወይኑን ከአተላው ሳይለዩ ክረምቱን በማሳለፍ ነው፤ ሱር ሊ ይሉታል። ጠላ ጠማቂ ለከብት የሚሰጠው አተላ የእህል ዝቃጭ ሲሆን የሙስካዴው ግን ሥራውን የጨረሰ እርሾ ነው፤ ለወይኑ የቡሆ ሽታና ለምላስ ለስለስ የሚል ውፍረት ይሰጠዋል። የአልኮል መጠኑ 12 በመቶ ገደማ ነው። ኦይስተሩን ሳይጫነው ጨውን ያጥባል፤ ዋጋውም ከሻምፓኝ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሜዲትራኒያን በኩልም የቡዚግ ኦይስተር በሚረባበት የቶ ሐይቅ ዳር ፒክፑል ደ ፒኔ የተባለ ኮምጣጣ ነጭ ወይን አለ። የባሕር ዳር ሰው የሚጠጣውን ከአጠገቡ አግኝቷል።

ሻምፓኝ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስኳር ያልበዛበት ከሆነ ከኦይስተር ጋር ደኅና ይሄዳል። ሥጋው የወፈረ ኦይስተር ሲገኝም ሻብሊ ዋጋውን ያወጣል። ከሁሉ የከፋው ወይኑን በጥንቃቄ መርጦ፣ ከዚያ ሽንኩርት የተከተፈበትን ኮምጣጤ ኦይስተሩ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ከኮምጣጤ በኋላ የትኛውም ወይን ጣዕሙ አይለይም።

በፈረንሳይዋ ብሪታኒ፣ ካንካል ወደብ ላይ ኮምጣጤ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ገዢው ከሻጯ ሳህኑን ተቀብሎ ከባሕሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሎሚ ይጨምቅና ይበላል፤ ባዶውን ቅርፊት ወደ ዳርቻው ይወረውራል። ከታች ያለው አሸዋ በቅርፊት ነጥቷል።